ሐሙስ ስለሚወጋው የሉሊት ጣት

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት

ክቡር ሆይ፣ እኔ የእርስዎ የአንደኛ ዓመት የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ሊሚ ነገራ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤና እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ በተለይ ስለ ጣቶችዎ ጤና አጥብቄ የምጸልይበትን ምክንያት መጨረሻው ላይ እገልጻለሁ።

እንደሚያውቁት ሐሙስ የትምህርት ጥራትን የሚመረምሩ እንግዶች ይመጣሉ፤ እኔም በባዮሎጂ ፈተና ባመጣሁት ውጤት ተመርጬ፣ በእነሱ ፊት የአራት ተማሪዎችን ጣት ወግቼ የደም ዓይነታቸውን እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለተሰጠኝ ክብር አመስግኜ አልጠግብም፤ ትእዛዙን ከሰማሁ ወዲህ ግን የሚያሳስቡኝ ነገሮች በዝተዋል። ስለዚህ የሚከተለውን አቤቱታ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ዳንቴሉ። በየቤታችን ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ ጥሩዎቹ ብርጭቆዎች ቡፌ ውስጥ ተቆልፈው እንግዳ ሲጠብቁ እኛ ልጆቹ በላስቲክ ኩባያ እንጠጣለን። ኮሌጃችን ይህን የእናቶቻችንን ወግ ሳይንቅ ማይክሮስኮፑን ዳንቴል አልብሶ፣ ላቦራቶሪውን ቆልፎ ስላቆየልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ማንም እንዳይዘው በማድረግ ከመቀደድ አድነውታል።

2ኛ. ስለ ሽንኩርቱ። ባለፈው ሳምንት የላቦራቶሪው ቁልፍ ያዥ ጋሽ ቶለሳ ለልምምድ ከፈቱልን፤ ዳንቴሉ ሲነሳ ማይክሮስኮፑ ላይ ከቀድሞ እንግዶች የተረፈ የሽንኩርት ልጣጭ እንደደረቀ ተቀምጦ አገኘነው። ለእንግዳ ተስተካክሎ ያደረ ስለሆነ ማስተካከያውን መንካት ክልክል ነው ተባልን። ተሰልፈን አንድ ዓይናችንን እየጨፈንን አየን፤ ሁሉም ተራው ሲደርስ ሴሉ ይታየኛል አለ። እኔ ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው። የሳልነው ግን ሃንድአውታችን ላይ ያለውን ሴል ስለነበር መምህራችን ለሁላችንም ሙሉ ማርክ ሰጡን፤ ሽፋሽፍቴን ስዬ ቢሆን ኖሮ ወድቄ ነበር።

3ኛ. ስለ መርፌው። የጣት መውጊያው መርፌ አልቆ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ቶለሳ ደግ ሰው ናቸውና ፊቴን አይተው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በአልኮል ጠረግ እያደረግሽ ለአራቱም ታዳርሺዋለሽ፤ እንግዶቹ እንደሆነ ራቅ ብለው ነው የሚቆሙት» አሉኝ፤ ይህም ከቢሮዎ የተነገራቸው መሆኑን አልሸሸጉኝም።

ክቡር ሆይ፣ በአንድ መርፌ ሁለት ሰው ሲወጋ ከደም ወደ ደም ምን ምን እንደሚተላለፍ ያስተማረኝ የእርስዎ ኮሌጅ ነው። ፈተና ላይ መጥቶ አንዱን በሽታ ሳላስቀር ዘርዝሬዋለሁ፤ የተመረጥኩትም በዚሁ ነው። በቃሌ ያጠናሁት ያስፈራኛል፤ በእጄ ያልተማርኩት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። መርፌው ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ደሙ አልቆም ቢል ምን እንደማደርግ፣ የቱ ጠብታ ከየቱ ጋር እንደሚቀላቀል ከሥዕል በቀር አላውቅም።

አራተኛዋ ተወጊ ሉሊት ናት። ከቀጨኔ ትምህርት ቤት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ጓደኛዬ ስትሆን፣ መርፌው የሦስት ሰው ደም ቀምሶ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው። «ሊሚዬ፣ እንዳትጨርሺኝ ብቻ!» ብላ ትስቅና እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ትከታለች፤ ቆይታ ደግሞ «ኧረ አንቺን አምንሻለሁ» ትለኛለች። ብትጠራጠረኝ ይሻለኝ ነበር። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው ተረት ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል፤ በጣም ፈርቻለሁ።

4ኛ. አዲስ መርፌ እንዲገዛ በቃል ብንጠይቅ፣ በእንግዳ ዋዜማ ኮሌጁን ማዋረድ የሚፈልግ ተማሪ ፈተና ላይ እንደማይቀመጥ ተነግሮናል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ከመፍራቴ የተነሳ እንጂ ደፋር ሆኜ አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ጤና ጣቢያ እንመደባለን። እዚያ ልጇን አቅፋ የምትመጣ እናት የልጇን ጣት ስትሰጠኝ፣ ኮሌጅ ተምራለች ብላ ነው። ስለዚህ እንግዳ በሌለበት በአንድ ተራ ቀን በሩ ተከፍቶልን፣ መምህር አጠገባችን ቆሞ፣ ለያንዳንዱ ጣት የራሱ መርፌ ኖሮ፣ ተሳስተን እየታረምን እንድንማር እለምናለሁ።

የተቆለፈ በርዎን በሩቁ የምትሳለም፣ ዳንቴልዎን ያላቆሸሸች፣ ማስተካከያዎን ያልነካች፣ ሙሉ ማርክ ያላት፣ እጇ ግን ባዶ የሆነ
ታዛዥዎ ሊሚ ነገራ

ማሳሰቢያ፦ ማዕድ ላይ ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ እጁን አይሰድም። ስለዚህ ሐሙስ እንግዶቹ ፊት መጀመሪያ የሚወጋው የእርስዎ ጣት እንዲሆን በአክብሮት እጠራዎታለሁ። ያን ቀን ለራስዎ አዲስ መርፌ ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም፤ እግረ መንገድዎን ለሉሊትም አንድ ይያዙላት።