አበልጃቸውን ከገመድ አስጥለው የሸኙት የወይዘሮ ቬሮኒካ ሁዳክ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬሮኒካ ሁዳክ ከአባታቸው ከአቶ ዩራይ ባልቻክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙዛና እ.ኤ.አ. በ1889 በስሎቫኮች ምድር፣ በሻሪሽ ተወለዱ። የጸሎት መጽሐፍ ማንበብ እስኪችሉ በሰፈራቸው ተምረው፣ በ1906 ባሕር ተሻግረው እዚሁ ፔንሲልቬንያ፣ በካሪክ የከሰል ማዕድን ሰፈር ከአክስታቸው ዘንድ ተቀመጡ። በ1908 ከማዕድን ሠራተኛው ከአቶ ኦንድሬይ ሁዳክ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ሁለተኛውን ልጅ ክርስትና ያነሳው የባላቸው ባልደረባ ማቱሽ ስለነበር ልጁ በስሙ ተጠራ።

በ1922 ሥራ ማቆም ሲታወጅ አቶ ኦንድሬይ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበሩ። በጓዳ የተመከረው ሁሉ ከኩባንያው ጆሮ ይደርስ ጀመር። ኩባንያው በግል መርማሪዎች በኩል ሰላይ እንዳስገባ ሲታወቅ፣ ጥርጣሬው በአዲሱ ጣሊያናዊ ሠራተኛ በኔሎ ላይ ወደቀ፤ ተደበደበም።

አንድ ረፋድ አበልጃቸው ማቱሽ መጥቶ፣ "አይዞሽ አበልጄ፤ ኦንድሬይን ቶሎ ይፈቱታል" አላቸው። አቶ ኦንድሬይ ግን ጓሮ ሆነው አጥር ይጠግኑ ነበር።

"ማን አሰረውና ነው የሚፈቱት?" አሉት። ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የኩባንያው ዘበኞች ደርሰው ባላቸውን ይዘው ሄዱ። የማቱሽ ገመና የወጣው ዘበኞቹ ስለዘገዩ ብቻ ነው።

ሰዉ ይህን ሰምቶ ገመድ ይዞ የማቱሽን ቤት ሲከብ፣ ወይዘሮ ቬሮኒካ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ "እሱን ስቀሉና ነገ ባሎቻችንን ይስቀሉልን! የኩባንያው ሰዎች የሚፈልጉት ይህንኑ አይደል? ይልቅ ሂዱና ኔሎን ይቅርታ ጠይቁ!" አሉ። ማቱሽን ክንዱን ይዘው በሕዝቡ መካከል አልፈው ባቡር ጣቢያ አደረሱት። 

ባላቸው ምስክር ጠፍቶ ተፈቱ። ሥራ ማቆሙ ግን አልሰመረም፤ ቤተሰቡ ከኩባንያው ቤት ተባሮ ክረምቱን በድንኳን አሳለፈ። ጎረቤት የልጁን ስም ለውጡ ሲላቸው፣ "ስሙማ የሐዋርያ ነው፤ ያበላሸው ሰውየው ነው" ይሉ ነበር።

በ1937 የምክር ቤት መርማሪዎች ስለ ስለላው ሊጠይቋቸው ጠሯቸው። ሰላዩን ስለምን እንደለቀቁት ሲጠየቁ፣ "እሱንማ ልጄን ክርስትና አንስቷል፤ ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። እሱን የላኩትን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አላየኋቸውም። እናንተ ጋ መጥተው ነበር?" ብለው መለሱ። 

አቶ ኦንድሬይን በ1944 ቀብረዋል። እሳቸውም በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1961 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና ስምንት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ይህን የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ ትተዋል።

እግዚአብሔር የማይፈርስ ቤት ይስጣቸው፤ እኛንም በእሳቸው ድፍረት ያጽናን። አሜን።