ያልተፈታው ጥቁር ክር

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ከመካነ ሰላሙ የሱፍ ባዛር ተመለስኩ። ወላሂ ንዴቱ አሁንም አልለቀቀኝም።

ጎረቤቴ ብርቄ ባለፈው ሳምንት «ለልጄ ለብርድ የሚደርበው ባና ላሠራለት ነው» ብላ፣ በመቅመቆ ሥር የነከርኩትን ቢጫ ፈትል ከእኔ ገዝታ ነበር። ዛሬ ድንኳኗ ላይ ሰቅላ «የገዛ እጄ ቀለም ነው» እያለች ስትሸጠው አገኘኋት። እኔ እያንዳንዱን ቱባ የማስረው ባልተነከረ የጥቁር በግ ክር ነው። እሱን እንኳ አልፈታችውም።

ልናገራት ከራሴ መሸጫ ድንኳን ስነሳ አንዲት ገዥ ያንኑ ቱባ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

«እህቴ፣ አንቺስ እንዲህ አሳምረሽ መንከር ትችያለሽ?» አለችኝ።

ስንት የምመልሰው ነበረኝ። ንዴቱ አፌን ያዘውና «አልችልም» አልኳት።

«አይዞሽ፣ ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ» ብላኝ ወደ ብርቄ ተመለሰች።