ለአሪየት ወገብ የሚሆን መኪና

ረቡዕ ግንቦት 2 ቀን 87

ፒክአፕ አልገዛም። አልገዛም ካልኩ አልገዛም። ኦጁሉ ተቆጥቶ ሄደ፣ ይሂድ። የእህቴ ልጅ ነው። በአዲሱ ክልል ቢሮ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ በዚህ ሙቀት ኮት ይለብሳል። "አጎቴ፣ ፒክአፕ ግዛ። ጠዋት አሪየትን ሆስፒታል ታደርሳለህ፣ ከሰዓት ከኢታንግ በቆሎ ትጭናለህ፣ ገንዘብህ ይመለሳል" ይለኛል። ገንዘቡስ ይመለስ። የልጄ ወገብስ?

ትናንት በኪራይ ፒክአፕ ወሰድኳት። ጋቢና ነው ያስቀመጥኳት፣ ኋላ አይደለም። ከሰፈራችን ከኒውላንድ እስከ ሆስፒታሉ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። ስንደርስ ከንፈሯ ይደማል። እንዳልጮህ ብላ ነክሳው ነው። ሰው ፊት አትጮህም። በዚህ እኔን ነው የምትመስለው።

በሽታው የአጥንት ነቀርሳ ነው። አከርካሪዋን ይዟል። መርፌ የምትወጋት ሲስተር አበበች እንዲህ አለችኝ፣ "አባባ፣ ከእሁድ በቀር አንድ ቀን እንዳይዘሉ። ደግሞ በመንገድ እንዳትንገጫገጭ። አጥንቱ ከተናደ እግሯ ሽባ ሆኖ ይቀራል።" እንግዲያው አልጋ ስጧትና እዚሁ ትተኛ አልኩ። አልጋ የለም። በረንዳው ሳይቀር ሞልቷል።

መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ከነአልጋዋ ተሸክመው አመላለሷት። ጌታ ይባርካቸው። አሁን ጊዜው የዘር ነው፣ ወንዝ ዳር ወደ ማሳቸው ወርደዋል። ሰው በየቀኑ አይለመንም። እኔ ደግሞ መለመን አልችልበትም።

መሃል ከተማ የነበረኝን ቦታ ለአዲስ ቢሮ ወስደው ካሳ ሰጥተውኛል። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። በእሱ ትልልቅ ሰዎች የሚሄዱባትን ዓይነት የቤት መኪና እገዛለሁ። ታርጅ ግድ የለም። ትራክተር በነዳሁበት እርሻ ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ያለች ነበረችው። ከኋላ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። መንገዱ ያው የእኛው መንገድ ነው። ጋዜጣው ግን አይንቀጠቀጥም ነበር።

ሐሙስ ግንቦት 3

ሐጂ ሰዒድ ጋ ሄድኩ። ገበያው ጥግ ጨርቅ የሚሸጠው፣ የወሎው ሰው። መንግሥት ሲለወጥ ሰዎች እየሸጡ የሄዱትን መኪና ገዝቶ በጓሮው አቁሟል። ያሉት፦

ጥቁር የጀርመን። ወንበሯ ቆዳ ነው።
ነጭ የፈረንሳይ። አንድ በሯ በሌላ ነጭ ተቀብቷል።
ፒክአፕ። አላየሁትም።

ሐጂ እንደ ልማዱ ጀመረኝ። "አንተ ሽማግሌ፣ ይቺን ማን ሊነዳልህ ነው?"
"እኔ ነኛ።"
"መንጃ ፈቃድህ የትራክተር አይደለም እንዴ?"
"ትራክተር የነዳ ይቺን በአንድ እጁ ይነዳታል።"
"ጥሩ ነው። ሁለተኛው እጅህ ለመግፋት ይጠቅምሃል።"

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ጥቁሯ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ዋጠኝ። ሚስቴ አባላ በሕይወት ኖራ ብታየኝ "ውጣ፣ ታቆሽሸዋለህ" ትለኝ ነበር።

ነገ ሁለቱንም በቅል እሞክራለሁ አልኩት። ምን ዓይነት ሙከራ ነው አለ። ነገርኩት። ልጅ ሆኜ ባሮ ላይ በጀልባ ስሠራ፣ ጭነት ከጫንን በኋላ ቅል ውሃ ሞልተን መሃል ላይ እናስቀምጥ ነበር። ውሃው ከፈሰሰ ጭነቱ አልተስተካከለም። መኪናም ያው ጀልባ ነው፣ ውሃ የማያፈስ ሰው አያሳምም አልኩት። "ልጅቷን ራሷን አምጥተህ ለምን አታስቀምጣትም?" አለ። ልጄን እንደ ከብት ገበያ አላወጣም አልኩ።

አሪየት ዛሬም በኪራዩ ሄደች። እንዴት እንደሄደች አልጽፍም።

ዓርብ ግንቦት 4

ኦጁሉ የቢሮውን መኪና በጠዋት እልካለሁ ብሎ ነበር፣ የኪራዩን ሰው ተውኩት። አሪየትን ለጎረቤታችን ለአቻላ አደራ ብዬ ወደ ሐጂ ሄድኩ።

ጥቁሯ። ሞተሯ አይሰማም፣ ልክ እንደ ድመት። ግን ሞላዋ ደርቋል። ሆስፒታል ሳንደርስ ቅሉ ግማሹን ቆዳው ላይ ደፋ። ሐጂ ወንበሩን በሽርጡ ሲጠርግ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ነጯ። ሞተሯ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ጉድጓድ ስትገባ ግን ዝቅ ትላለች፣ ከፍ ትላለች፣ ልክ ውሃ ላይ እንዳለች። ሆስፒታል ደርሰን ተመለስን። የፈሰሰው ሁለት ጉንጭ ቢሆን ነው። ሐጂ ቅሉን አይቶ "አሁን አመንኩህ" አለ። እኔ ድሮም አምኜ ነበር።

በደስታ ቤት ስገባ አሪየት ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። መኪናው አልመጣም። ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶ ኦጁሉ በመኪናው እሱን ሲያዞር ውሏል። የመርፌ ቤቱ ተዘግቷል።

አንድ ቀን ተዘለለ። እኔ ውሃ ሳመላልስ።

ቅዳሜ ግንቦት 5

ነጯን ገዛሁ። ምስክር ፈረመ፣ እኔም ስሜን ጻፍኩ፣ አውራ ጣቴን አላስነከርኩም። ሐጂ መጨረሻ ላይ "ሆዷ ዝቅ ያለ ነው፣ ዝናብም መጥቷል፣ እወቅ" አለ። አውቃለሁ አልኩ። አሪየት በኪራዩ ሄዳ ተወግታ መጣች፣ አቻላ ናት የወሰደቻት። ይሄ የመጨረሻው ነው አልኳት።

ባሮ ወርጄ መኪናዬን አጠብኩ። መኪናዬን። ስጽፈው ደስ አለኝ።

እሁድ ግንቦት 6

ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሄድኩ። በሩ ድረስ። ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከበቧት። አንዱ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ አንዱ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ኦጁሉም መጣ። ስለ ዓርቡ ይቅርታ እንዲለኝ ጠበቅሁ። "አጎቴ፣ ሚኒስትር መሰልክ እኮ" አለ። እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ፣ ሚኒስትር አይደለሁም አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ነገ አሪየትን እንደ ንግሥት እወስዳታለሁ።

ሰኞ ግንቦት 7

አልገባችም።

መኪናዋን ደጃፍ አቆምኩ። የኋላ በር ከፈትኩ፣ ትራስ አነጠፍኩ። አሪየት ቆማ ወንበሩን አየች። ወንበሩ ከጉልበቷ በታች ነው። ጣሪያው ከደረቷ። እዚያ ለመግባት ሰው አንገቱን ይሰብራል፣ ወገቡን ያጥፋል፣ ቁልቁል ይቀመጣል። እኔና ሐጂ ስንገባ ስንወጣ ዋልን፣ ወገብ እንዳለን እንኳ ትዝ አላለንም።

በጀርባዋ ሞከርን። በጎኗ ሞከርን። እኔ ከውስጥ ሆኜ በብብቷ ልሳባት ስል ጮኸች። አሪየት ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

የፒክአፑ ወንበር ዳሌዋ ላይ ነበር። ቂጧን ጣል አድርጋ ሸርተት ትል ነበር። አየሁት እኮ። በዓይኔ አይቼ አላየሁትም።

አቻላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "የምትሄድበትን ለካህ፣ የምትገባበትን ማን ሊለካልህ ኖሯል?" አለችኝ። የሴት ምላስ ብዬ እንዳላልፈው እውነት ነው።

ካስተኛናት በኋላ አሪየት ጣሪያውን እያየች "አባቴ፣ ውሃ ወገብ የለውም እኮ" አለች። ተቆጥታ አይደለም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የኪራዩ ሰው ደምቢ ዶሎ ሄዷል። መርፌ የለም። ሁለተኛ ቀን።

ማክሰኞ ግንቦት 8

በጠዋት ሐጂ ጋ ሄጄ በፒክአፑ ለውጠኝ አልኩት። ይህን ለማለት ሱቁ በር ላይ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ። ፒክአፑን ቅዳሜ ከሰዓት ስደተኛ ካምፕ የሚነግድ ሰው ወስዶታል። ሐጂ አልሳቀብኝም። "አላህ ያሽርልህ" ብሎ ለአሪየት ስኳር ሰጠኝ። ቢስቅብኝ እመርጥ ነበር።

ሲስተር አበበች ከሆስፒታል በሚመለስ ሰው ላከችብኝ፦ ከዚህ በላይ ከዘለሉ መድኃኒቱ ይለመድና አይሠራም።

ቤት ገብቼ መኪናዋን ዞርኳት። ታንኳ ውስጥ በሽተኛ አይቀመጥም። በቁመቱ ይተኛል፣ እግሩ ወደ ኋላ። ይሄን እያወቅሁ ነው ወንበር ወንበር ስል የከረምኩት።

መዶሻና መሮ አመጣሁ። የኋላውን ወንበር ነቀልኩ። የፊቱን የግራ ወንበርም ነቀልኩ። አይ፣ የቀኙን ነው፣ ግራው የእኔ ነው። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ እስከ ዕቃ መጫኛው ቆረጥኩት። ያቺ ጋዜጣ የማይንቀጠቀጥባት መኪና እንደ ተበለተ አሳ ሆነች። መዳፌ ተቀደደ። ኦጁሉ ከቢሮ ሲመለስ አይቶኝ "አብደሃል" አለ። ጣውላውን ያዝልኝ አልኩት። ያዘልኝ።

የአልጋዬን ጣውላ ነው፣ ከአባላ ጋር የተኛንበትን። ልኩ ገባ። እኔ መሬት እተኛለሁ።

ሦስተኛ ቀን አለፈ።

ረቡዕ ግንቦት 9

ገባች። ጣውላው ላይ አስተኝተን፣ ፍራሽ ከሥር፣ ነጠላ ከላይ ለፀሐዩ። ኦጁሉና አቻላ ከእግር፣ እኔ ከራስ። በኋላ በኩል ሸርተት አደረግናት። ትንፍሽ አላለችም። የኋላው ክዳን አይዘጋም፣ ከፍ አድርጌ በገመድ አሰርኩት። እግሮቿ ወደ ውጭ ይታያሉ።

ይሄኛውንም አላሰብኩትም።

ገበያው ጋ ስንደርስ አንዲት አሳ የምትሸጥ ሴት አየች። እጇን ራሷ ላይ ጭና ዋይ አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ። ወንዶች ተነሥተው ቆሙ፣ ኮፍያ ወረደ፣ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አደረጉ። ሐጂ ሰዒድ ደጃፉ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ሰው ከኋላችን መከተል ጀመረ። "አልሞተችም! በሕይወት አለች!" ብዬ በመስኮት ጮህኩ። ሐዘን አሳብዶት ነው ብለው ባሰባቸው።

አሪየት ከጎኔ ተኝታ "አባቴ፣ ማን ሞተ?" አለች።
"ማንም።"
"ታዲያ ለማን ነው የሚያለቅሱት?"
መዋሸት አልሆነልኝም። "ለአንቺ ነው።"
"እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ። ማን እንደሚያለቅስልኝ ልስማ" አለች።

ሳቅሁ። ስቄ ዞር ስል እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ ነው።

ሆስፒታል ግቢ እግሯን አነሣች። የግራውን። አሳ ሻጯ አይታ ጮኸች፣ ከዚያ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ግማሹ አመሰገነ፣ ግማሹ ሰደበኝ። ይገባኛል።

መርፌው ተወጋ። ሲስተር አበበች እዚያው መኪናው ድረስ መጥታ ነው የወጋቻት፣ አላወረደቻትም። ከዚያ ቁልፍ አውጥታ የውስጥ እግሯን ጫር አደረገች። ግራው ተሸማቀቀ። ቀኙን ጫረች። አሪየት "ጀምሪ" አለቻት። ጀምራ ጨርሳ ነበር።

ሲስተር ወደ ጎን ወሰደችኝ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች። አላውቅም አልኩ። ሰኞ ይሆን? እኔ ስስባት? አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። "መርፌው ከቀጠለ አንዳንዴ ይመለሳል። አንዳንዴ" አለች። ዶክተሩ መስክ ወጥቷል፣ ሲመለስ ያያታል።

ማታ ሳይነገራቸው የቀሩ ሰዎች ለለቅሶ ቤቴ መጡ። አሪየት ከአልጋዋ ሆና "ግቡ፣ ሟቿ ሻይ ታጠጣችኋለች" ትላቸዋለች።

ሐሙስ ግንቦት 10

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት መኪናዋ በሆዷ ተቀምጣለች። ሐጂ ያለው ደረሰ። ድንጋይ ከጎማ ሥር ከተትኩ፣ ቅጠል ከተትኩ፣ ጭቃውን በእጄ ዛቅሁ። አሪየት ጣውላው ላይ ተኝታ ትጠብቃለች።

ኦጁሉ በቢሮው መኪና መጣ። ውሰዳት ሊለኝ ነው መሰለኝ። አሪየት ጣውላው ላይ እንዳለች አይቶ ኮቱን አወለቀ፣ አጥሩ ላይ ሰቀለው፣ ከኋላ ገብቶ ገፋ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገባ። ጎማው ፊቱ ላይ ረጨበት። ወጣች። በሕይወቴ ልጁን እንዲህ ወድጄው አላውቅም፣ አልነገርኩትም።

ሰዓት አልፎብን ደረስን። ሲስተር አበበች በሩን ቆልፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። "እንደሚመጡ አውቄ ነው" አለች። ወጋቻት። ቁልፉን ዛሬ አላወጣችም።

ከሰዓት ውሃ አሞቅሁ። የአሪየት እግር በመንገድ ጭቃ ተረጭቶ ነበር። ሳፋ አልጋው ግርጌ አድርጌ በጣሳ ግራው ላይ አፈሰስኩ። እሷ ከላይ ሆና ሳፋውን አታይም፣ ጣሪያውን ነው የምታየው።

"ሞቀሽ?" አልኳት።
"ሞቀኝ። ሁለቱም ሞቀኝ አባቴ።"

ቀኙን ገና አልነካሁትም ነበር።

ጣሳውን ሞላሁና ቀኙ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። ጥሩ ነው አልኳት።