ስለ እህቴ ደምና ስለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ላይኮች

ለክቡር የውኃ አገልግሎት ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተጻፈልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመላ ቤተሰብዎንና በየኮሪደሩ ተሰቅሎ ስንገባ ስንወጣ የሚያየንን የትልቁን ፎቶግራፍዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እህቴም ደህና ናት፤ ለእሷ ደህና መሆን ግን ድርጅቱ ምንም ዓይነት ተጠያቂነት እንደሌለበት ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ።

እኔ የቆጣሪና የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ በዚህ ድርጅት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ሰኞ ዕለት የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ፣ በነባሩ ማኅበራዊ መድረክ ላይ የነበረኝን አካውንት ዘግቻለሁ ብዬ ከፈረምኩ በኋላ ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መልሼ በመክፈት የድርጅቱን ክብር ዝቅ ማድረጌን ይገልጻል። እውነት ነው፤ ከፍቻለሁ። የከፈትኩት ግን ውኃ ቀጠነ ብዬ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ስል ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከድርጅቱ ውጭ ላሉ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ማስረዳት ይገባኛል። የዛሬ ሰባት ወር ክቡርነትዎ ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ፣ እርስዎ «ያኛው» እያሉ የሚጠሩት፣ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት መድረክ ዘመኑ ማለፉን፣ እሱን የሚበልጥ ደግሞ የእኛ ድርጅት እንደሚሠራ አበሰሩን። የራሳችን ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ውኃ እንደማይደርሰው በዚያን ሰዓት ለማንሳት የደፈረ አልነበረም። ሁለት የኮምፒውተር ክፍል ባልደረቦቻችን እንቅልፍ አጥተው ሠሩትና «ጉርብትና» ተባለ። መልኩ ያማረ ነው፤ ሲከፈትም ደስ ይላል። እኛም ያኛውን ዘግተን፣ መዝጋታችንን በፎቶ አስደግፈን እንድናቀርብ ታዘዝን። ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ አባላት ብዛት። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሠላሳ አባል እንዲያስመዘግብ በመታዘዙ መድረኩ ባጭር ጊዜ አሥራ አራት ሺህ አባላት አፍርቷል። እንኳን ደስ አለዎት። ቆጣሪ አንባቢዎቻችን የሰው ስም ሲያልቅባቸው በቆጣሪ ቁጥር ስለመዘገቡ፣ እኔ ራሴ «ቆጣሪ 4417» ከሚባል አባል ጋር ጓደኛ ነኝ፤ ጨዋ ነው፣ ተናግሮ አያውቅም። ሃያ ዘጠኝ ሰው አግኝቼ አንድ ሲጎድለኝ እኔም ከሞተ ስድስት ዓመት የሆነውን አባቴን አስመዝግቤአለሁ። መድረኩ በየማለዳው «ዛሬ ምን እያሰቡ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። አባቴ ይህን ጥያቄ በሕይወት ሳለም መልሶት አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ላይክ። በያኛው መድረክ ሰው ላይክ የሚያደርገው ሲወድ ነው፤ ይህ ለሥራ ዲሲፕሊን እንደማይመች ግልጽ ነው። በእኛ ዘንድ ማንኛውም ሠራተኛ የዕለቱን ፖስት በሙሉ ላይክ ሳያደርግ ከግቢ እንዳይወጣ ተደንግጎ፣ በየክፍሉ የፊርማ ወረቀት ተዘጋጅቷል። የቆጣሪ ጥገና ክፍል ጸሐፊ የአሥራ ስምንት ሰው ስልክ ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ፣ በግራ እጇ ምሳዋን እየበላች በቀኝ እጇ ሁሉንም ስታዳርስ ያየ ሰው በድርጅቱ ይኮራል። ሰርኩላር ቁጥር ሰባት ደግሞ የበላይ ኃላፊ ላይክ ያደረገው ማንኛውም ጥያቄ በፊርማ እንደጸደቀ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። የፓምፕ ቴክኒሺያናችን ሦስት ዓመት ደጅ የጠናበት ዝውውር በዚህ ሰርኩላር በአንድ ቀን አልቆለታል። ይህችን ሰርኩላር እስከ ደብዳቤዬ መጨረሻ ድረስ እንዳይረሷት በትሕትና አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ እህቴ። እዚህ ላይ ቀልዱ ትንሽ ቢያመልጠኝ ይቅር ይበሉኝ።

እናታችን ስትሞት እህቴ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ሴት ልጅ በሰላም ከተገላገለች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ ወጥቶ የእሷ ዓይነት ደም ከባንኩ ማለቁን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰጪ እንድናመጣ ነገረን። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ እኔና አንዲት ነርስ በያኛው መድረክ ላይ ስምንት ዓመት ያቆየነው የደም ለጋሾች ግሩፕ ነበር። ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሦስት መቶ ሰው፣ ስልኩን አንስቶ የሚመጣ ሰው ነበረበት። ባዘዙት መሠረት ቆልፌው አባላቱን ወደ ጉርብትና ጋበዝኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተከተሉኝ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የይለፍ ቃላቸውን ረሱ።

እኔ ግን የፈረምኩትን አክባሪ ነኝና፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆሜ በጉርብትና ላይ እህቴ እየደማች መሆኗን፣ ኦ ኔጌቲቭ ደም ያለው እንዲደርስልን፣ የክፍሉን ቁጥርና ስልኬን ጨምሬ ጻፍኩ። ስልኬ እጄ ላይ መንዘር ጀመረ። በነዘረ ቁጥር ሰጪ ተገኘ እያልኩ እከፍተዋለሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች የእህቴን መድማት ወደዱት። ማሽኑም በበኩሉ ቀይ አበባ ልኮ ፖስቴ የዕለቱ ተወዳጅ በመሆኑ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። አንድም ሰው አልደወለም።

ከሁሉም ቀድመው የወደዱልኝ እርስዎ ነበሩ። የመድረኩ ቅጽ ከመታወቂያችን ቅጽ ስለተገለበጠ በገጽዎ ላይ የደም ዓይነትዎ ሰፍሯል፤ ከእህቴ ጋር አንድ ነው። ለምን አልመጡም ማለቴ አይደለም። ስልክዎ የሚውለው በጸሐፊዎ መሳቢያ ውስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የእህቴ ባል አናጢ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ካለበት ስልኬን ተቀብሎ ሲያይ ቆየና «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ደስ ያላቸው ምን ሆነን ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ማስጠንቀቂያ የተጻፈብኝን ወንጀል የፈጸምኩት።

ያኛው መድረክ የት ከረምሽ አላለኝም። የቆለፍኩትን ግሩፕ ከፍቼ ያንኑ ጽሑፍ እንዳለ ለጠፍኩ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ሦስት ሰው ደወለ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሰዎች እጅጌአቸውን ሰብስበው ተኝተው ነበር። አንዷ ጠመኔ ከጣቷ ያልለቀቀ፣ ዓይቼያት የማላውቅ አስተማሪ ናት። ሌላው የራሳችን የቆጣሪ ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ያኛውን መድረክ እንዴት ሳይዘጋ እንደቆየ አልጠየቅኩትም፤ እርስዎም እንደማይጠይቁት ተስፋ አደርጋለሁ። ስሙ ግን ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መካከል ነበር። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። «ስልኬን ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ምሳ ወጥቼ ነበር፤ በስሜ ምን ላይክ እንደተደረገ አላየሁም» አለኝ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ያዘኝ። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ነው፤ በእኛ መድረክ ላይ እህቴ ስትደማ ወደደ፣ በያኛው ላይ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

አራተኛ፣ ጉርብትና ከያኛው ጋር መወዳደር ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ። በየስብሰባው ይጠየቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ ጭብጨባ ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። በግምጃ ቤቴ ግን ከካርቶናቸው ያልወጡ ሁለት ሺህ አዳዲስ ቆጣሪዎች አሉኝ። ያብረቀርቃሉ፣ ተሳስተው አያውቁም፤ ከቧንቧ ጋር ስላልተገናኙ ሁሉም የሚያነቡት ዜሮ ነው። ስለ ጉርብትና ሲወራ እነሱ ትዝ ይሉኛል። ያኛውም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። አንድ ጊዜ ያየሁትን ጫማ ይኸው መልሼ ስከፍተውም እያሳየ ልቤን ያወልቀዋል፤ ምስጢሬንም ለማን እንደሚሸጠው አላውቅም። የሚሻል ቢመጣ ቻው ሳልል እለየዋለሁ። እስካሁን ግን ስጣራ አቤት የሚለኝ ሰው ያለው እዚያ ነው፤ ሰውን ደግሞ በሰርኩላር ማዘዋወር አልተቻለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦ ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሬ እንዲወጣ፤ የደም ለጋሾች ግሩፕ ባለበት እንዲቆይና ለጋሾቹም እንዳይነኩ፤ አባቴም ከአባልነት ተሰናብቶ በሰላም እንዲያርፍ እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። የተወለደችው ሕፃን ስም ሳይወጣላት በዕቅድ ክፍል በኩል አባል ቁጥር 14,006 ሆና መመዝገቧን ሰምቻለሁ፤ ስለ እሷ እናቷ ስትነሳ ራሷ ታነጋግርዎታለች።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለላኩልኝ አበባና ከሁሉ ቀድሞ ለደረሰኝ ላይክዎ ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና እየገለጽኩ፣ ፎቶግራፍዎ በተሰቀለበት ሁሉ አቧራ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣

ምንጊዜም ታዛዥዎ፣ ከአንድ ሐሙስ በስተቀር፣
የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማንኛውም አቤቱታ በመጀመሪያ በጉርብትና ላይ መለጠፍ ስላለበት ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ለጥፌው ነበር። ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ላይክ አድርገውታል። በሰርኩላር ቁጥር ሰባት መሠረት ጥያቄዎቼ በሙሉ ስለጸደቁ፣ አትሜ ለሰው ኃይል አስተዳደር አስገብቻለሁ፤ ማኅተም ተደርጎበታል። የደም ባንኩ በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። እዚያ ግን ራስዎ መምጣት ይኖርብዎታል፤ ጸሐፊዎ ልትወክልዎ አትችልም።