ሎሚውን እኔ ጨመቅሁት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሰብለ፤

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ያንቺን እንዴት እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ የቤታችንን ልንገርሽ። አባዬ የሳሎኑን ቬንትሌተር አሠርቶታል፤ አሁን አይንቋቋም። አልጋሽ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር እንኳ ያልባል።

ከሁሉ የከበደኝ ስምሽ ቤት ውስጥ አለመጠራቱ ነው። እኔና አባዬ እማዬ እንዳታለቅስ ብለን ዝም አልን፤ እሷም ለእኛ ብላ ዝም ያለች ይመስለኛል። እንዲህ ዝም እንዳልን ቆይተን ጭራሽ እንዳልነበርሽ እንዳይሆን ፈራሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ያንቺን ኮክቴል ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። እማዬ «ሎሚ በአምቦ ውሃ ደግሞ መቼ ነው ኮክቴል የሆነው?» እያለች ትስቅብሽ ነበር። አንቺ ግን የብርጭቆውን አፍ ስኳር አስነክተሽ፣ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ጎንበስ ብለሽ ትሰጫታለሽ።

የማስታውሰውን ሁሉ አደረግሁ። የቧንቧችን ውሃ ኖራ ስላለው በረዶውን አፍልቼ ካሰከንሁት ውሃ ሠራሁ። የሎሚውን ልጣጭ ከስኳር ጋር አሸሁ፤ ጨመቅሁ። አምቦ ውሃውን በመጨረሻ፣ ጋዙ እንዳይጠፋ በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርጌ አወረድሁት። ልጣጩን ግን ከውስጡ ሳላወጣ እማዬን ስጠብቅ ቆየሁ።

ከቀፊራ ገበያ እንደተመለሰች ብርጭቆውን ሰጠኋት። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ትኩር ብላ ስታየው ባልሠራሁት ኖሮ ብዬ ተጸጸትሁ። አንዴ ተጎነጨችና ፊቷን አጨማደደች።

«መረረ! አንተ፣ ሰብለ ልጣጩን ቶሎ አውጣው አላለችህም?»

ሦስታችንም ደነገጥን። በረንዳ ላይ ጫማውን ያስር የነበረው አባዬ ክሩን እንደያዘ ቀረ። እማዬ ቢላዋ አንሥታ ሌላ ሎሚ ቆረጠች። እየጨመቀች ማውራት ጀመረች። ልጅ ሳለሽ የሎሚ ፍሬ ውጠሽ፣ ሆዴ ውስጥ እንዳይበቅል ብለሽ ሙሉ ቀን ውሃ አልጠጣም ብለሽ ነበር አሉ። ይህን አላውቅም ነበር። አባዬም «እኔንማ ቅርንጫፉ በጆሮዬ ሲወጣ ትቆርጥልኛለህ ወይ ብላኛለች» አለ። ሳቅን። እማዬ አለቀሰችም፤ ግን የፈራነውን ያህል አልነበረም። አልቅሳ ስትጨርስ ጠጣች፤ ለእኛም ቀዳችልን።

ሰብልዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ውስጥ አዲስ ልጆች ለእናትህ ስንተኛ ነህ ሲሉኝ፣ ማስረዳቱ ስለሚከብደኝ ብቻዬን ነኝ እል ነበር። ይቅር በዪኝ። ከእንግዲህ ሁለተኛ ነኝ እላለሁ። የመጀመሪያዋ ማን ናት ካሉኝም ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ ናቲ