ከአጥር ማዶ ሲታረም የኖረ ኪዳን

ሐሙስ ነሐሴ ፳፫ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፥ ጎንደር ከተማ።

እኔ ዳኛው ሰጠኝ፥ በትውልድ የኮሶዬ ሰው፥ ቀድሞ መሪጌታ፥ ኋላ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፥ አሁን በሽተኛ፥ ይህን ኑዛዜ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ አንደበቴ ተናግሬ አጽፌአለሁ። ሆዴ ታሟል፥ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑም የሚታወቀው እዚህ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ ለይቶ በማወቁና አሁንም በመታገሡ ነው። ቃሌን የሚጽፈው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እንኳየሁ ነው። ምስክሮቼ የንስሐ አባቴ አባ ሀብተ ማርያም፥ የአገሬ ልጅ ነጋ አለነ፥ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሽታዬ ናቸው። ልጆቼ ሐረገወይንና አድማሴም ተገኝተዋል። አድማሴ ከገባ ጀምሮ የጣራውን ቆርቆሮ ያያል።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው እሑድ እቆርባለሁ። ባለቤቴ ታየች ከሞተች ወዲህ እስከ ዘንድሮ ክረምት የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጥሁም ነበርና፥ ነገሩ ለእኔ ቀላል አይደለም። ከእሑድ በፊት በእጄ ያለውን ሁሉ አራግፌ መቅረብ እሻለሁ።

ይህ ቤት ከነዕቃው ለልጄ ለሐረገወይን ይሁን። ምክንያቱ፥ ትውከቴን ስታፍስ አፍንጫዋን አልያዘችም። እኔ ግን ይዣለሁ።

«አባባ፥ ቆርቆሮውስ?» አለ አድማሴ።

ጣራ ከቤቱ ተለይቶ ሲወረስ በፍርድ ቤት ዘመኔ አላየሁም። አድማሴ በፒያሳ ያለውን ሱቅ በሕይወቴ ሳለሁ ወስዷል፤ ይበቃዋል። የኮሶዬው ርስት እንደ አገሩ ሥርዓት የሁለቱም ነው፤ ነጋ ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ያርስላቸው።

የብራና የጸሎት መጽሐፌን በሚመለከት ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በታየች ተዝካር ዕለት ለካህናቱ አውሼው ነበር። ጸሎቱ ሳያልቅ የድግሱ በሬ ቀደመ። እኔ ሚስቴን አለቅሳለሁ፤ ዳሱ ውስጥ ሁለት ደብተራዎች አንድ ሻኛ ይዘው ይጓተታሉ፤ አንደኛው የሌላውን ጥምጥም አወረደው። መጽሐፉ ሲመለስልኝ፥ ለሙታን ዕረፍት የሚለመንበት ገጽ ላይ አምስት ጣት በጮማ ታትሞበታል። ብራና ጮማ ከጠጣ አይለቅም። ከዚያ ወዲያ ዕጣኑ ሳይቀር ጮማ ጮማ ሸተተኝ። በቤቴ ልጸልይ ብዬ ስገልጠው ያቺው ገጽ ትመጣለች፤ እዘጋዋለሁ። እግዚአብሔርን አልካድሁም። አብረውት ከሚበሉት ጋር ግን አልቀመጥም አልሁ። እያደር እሱም የራቀኝ መሰለኝ፤ እኔም ተመለስ ብዬ አልለመንሁትም።

ቤቴ ከደብሩ ጋር በአጥር ይዋሰናል። የደብሩን ስም አላስጽፍም፤ ታቦቱ ምንም አላጠፋም። አባ ሀብተ ማርያም ጧት ጧት ኪዳን ሲያደርሱ፥ እኔ አጥሩ ሥር በርጩማ አስቀምጬ ስሕተታቸውን አዳምጥ ነበር። በግዕዝ ንባብ ድምፁ የሚነሣ ቃል አለ፥ የሚወድቅም አለ፤ አንዱ ተነሽ፥ ሌላው ወዳቂ ይባላል። አባ ወዳቂውን ሁሉ ያነሡታል። እኔም ከማዶ በታላቅ ድምፅ አርማለሁ። ወይዘሮ ሽታዬ ይመስክሩ።

«እኔስ ሁለት ቄስ ያለን ይመስለኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «አንደኛው ቁጡ።»

በዘንድሮ ሰኔ፥ ዝናብ እየጣለ፥ አባ ትርጉሙ «አስበን» የሆነው የግዕዝ ቃል ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። እግዚአብሔር እንዳይረሳን የሚለምነው ሰው ልመናውን ረሳው። ዝም አሉ። ስሕተታቸውን ስታገሥ ኖሬአለሁ፤ ያንን ዝምታ ግን መታገሥ አልቻልሁም። «ተዘከረነ!» ብዬ ጮኽሁ።

ከውስጥ «ከዚያስ?» የሚል ድምፅ መጣ፥ እንደ ተማሪ።

ከዚያማ እንዴት ልተወው? ቀጠልሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ። ኪዳኑ ሲያልቅ ከበርጩማው ተነሥቼ ቆሜአለሁ፤ ጋቢዬም ቤተ ክርስቲያን እንደሚቆም ሰው መስቀለኛ ተጣፍቷል። እጄ እኔን ሳያማክር ያደረገው ነው።

አባ ወደ አጥሩ መጡ። ጢማቸው ላይ ሽሮ ደርቆበታል፤ አየሁት፥ ቀፈፈኝ።

«አያ ዳኛው፥ ምነው ከማዶ? ግባና ከቅርብ ስደበኝ እንጂ።»

«እርስዎ ወዳቂውን ተነሽ አድርገው ያነባሉ» አልኋቸው።

«ታዲያ አንተንስ እንዲያ ባነብህ ትከፋለህ?»

እንደ ቅኔ ከታየ ደካማ ነው። ሰንብቼ ግን አጥሩን ዞሬ እሳቸው ዘንድ ገባሁ።

ንስሐ ስገባ የሰጡኝ ቀኖና ይህ ነበር፦ «ጹም አልልህም፥ ሆድህ ቀድሞኛል። ስገድ አልልህም፥ ጉልበት የለህም። ፍልሰታን ከእኛ ጋር ቁም፤ አፍህን ግን ያዝ። አንድም ቃል እንዳታርም።» በዕድሜዬ ከዚህ የከበደ ጾም አልጾምሁም።

ቆምሁ። ሽታው እንዳለ ነው። ሻኛ ከተናጠቁት አንዱ ደብተራ ከጎኔ ይዘምራል፤ አርጅቷል፥ ጥርሱ አልቋል፥ ምራቁ ትከሻዬ ላይ ይረጫል። እኔስ ለእሱ አፍንጫ ምን እንደምሸት ሐረገወይን ታውቃለች። ነገር ግን ጸሎቱ በዚያ ሁሉ አስቀያሚ አፍ አልፎ ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ይህ እንዴት እንደሚሆን በቅኔ ቤት አላስተማሩኝም።

ስለ ተዝካሬ። ከሞትሁ በኋላ በስሜ ዳስ የሚጥል፥ በሬ የሚያርድ ልጅ ቢኖር የተረገመ ይሁን።

«አባባ!» አለ አድማሴ። «ፒያሳ ምን ይለኛል? በሬውን እኮ ቀብድ ሰጥቼበታለሁ።»

«ሸጋ በሬ ነው፥ አያ ዳኛው» አለ ነጋ። «እኔው ነኝ የመረጥሁት።»

እነሆ፥ እኔ ሳልሞት በሬዬ ታጭቷል።

አባ ሀብተ ማርያም እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ። «እንኳየሁ፥ ብዕርህን ከወረቀቱ ላይ አንሣ። አያ ዳኛው፥ እርግማን ይዘህ አትቆርብም። ሐሙስ በረገመ አፍህ እሑድ ልትቀበል ነው?»

«አባ፥ ይህን የሚሉት ለበሬው ብለው ነው።»

«ለበሬውም ነው፤ ሥጋ እወዳለሁ፥ አልዋሽህም። ከበሬው ግን አንተን እፈልጋለሁ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። በመጨረሻ «ሠርዘው» አልሁ። በምትኩ የሚከተለው ይጻፍ፦ በሬው ይታረድ። አስቀድሞ በደጀ ሰላም ያሉ ነዳያን ይብሉ። ካህናቱ ጸሎቱን አንድም ሳያጎድሉ ፈጽመው፥ እጃቸውን ታጥበው ይብሉ፤ ሳሙናውን አድማሴ ከሱቁ ያምጣ። ሻኛው ለዚያ ደብተራ ይሰጠው። ጥርስ የለውምና ሐረገወይን አድቅቃ ትክተፍለት።

የጸሎት መጽሐፌንም ለአባ ሀብተ ማርያም ሰጥቻለሁ። ከነጮማው ነው።

እንኳየሁ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አስቀርቤ አየሁ። ከራሱ ማሳረጊያ ጨምሮበታል፦ «የእግዚአብሔር ምህረት ከሁላችን ጋር ይሁን።» በሃሌታው ሀ ነው የጻፈው። ይህ ሀ የትምህርት ነው፤ የምሕረት ሐ ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ ኖሮ ይህን አያውቅም። አፌን ከፈትሁ። አባ አዩኝ።

«ፍቄ ልደልዘው እንዴ፥ አያ ዳኛው?» አለ እንኳየሁ።

«ተወው» አልሁ። ይህንንም ጻፍ አልሁት።

ተናዛዥ፦ ዳኛው ሰጠኝ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ እንኳየሁ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ነጋ አለነ (የጣት አሻራ)፥ ወይዘሮ ሽታዬ (የጣት አሻራ)

እኔ ቄስ ሀብተ ማርያም፥ ይህ ኑዛዜ አንድ ሥርዝ እንዳለበትና እሱም በተናዛዡ ፈቃድ መሆኑን እመሰክራለሁ። ድልዝ የለበትም። ሊኖርበት ይገባ ነበር፤ ተናዛዡ አይቶ ዝም ብሏል። እሑድ ጧት እጠብቀዋለሁ።