የአምፕሊፋየሩ ጉርምርምታ

ማክሰኞ

ደግሞ ጀመረው። እምምምም። ኤጭ!

ከሁዳዴ በፊት ጓዳ የከተትኩትን አሮጌ አምፕሊፋየር ዛሬ አውጥቼ ክራሬን ሰካሁበት። አሥር ደቂቃ ዝም አለና ማጉረምረም ያዘ። በቡጢ ስለው ያቆማል፤ ዘወር ስል ይቀጥላል። እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፣ ሉማሜ የእህቴ ልጅ ሠርግ አለ። የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ጓደኛዬ አለሙ ማሲንቆውን ይዞ አብሮኝ ይሄዳል። ይህ ነገር እንዲህ እያጉረመረመ ከሄድን ዘመድ ፊት መዋረዴ ነው። እህቴ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ስታነሳብኝ ትኖራለች።

የምጠረጥራቸው፦ የጎረቤት ወፍጮ። የቤታችን ፍሪጅ። ከሁሉም በላይ ግን ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሰይድ። ጾሙ ሊገባ ሲል ካፓሲተር የሚሉትን የውስጥ ዕቃ የቀየሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሰው ጾም ሲፈታ የመጀመሪያው ይመስል! የኛ ቤት ዶሮ ወጥ ግን አይታማም፤ በፋሲካ ሦስቴ አስጨመርኩ። ጋብዤው የመጣው አለሙም ጣቱን ሲልስ ነበር።

ረቡዕ

ፍሪጁን ነቀልኩ። ወፍጮው እስኪዘጋ ጠበቅኩ። እምምምም። ደሜ ፈላ።

ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ቆመዋል። ለሽበታቸው እንኳ ሳላፍር «ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀሉትን ካፓሲተር ነው የገጠሙልኝ!» አልኳቸው። የብየዳ ካውያቸውን አስቀመጡና ጠጋ ብለው አዩኝ፤ አፍንጫቸውን ሸብሸብ አደረጉ። «ከፍተህ አይተኸዋል መላኩ?» አሉኝ፣ ሌላ ምንም። መክፈትማ የእርስዎ ሥራ ነበር ብዬ ወጣሁ።

ተጸየፉኝ እኮ! ጥፋቱ የሳቸው፣ የሚጸየፉት እኔን።

ሐሙስ

የሰፈራችን መብራት ይሆናል ብዬ በባጃጅ አለሙ ቤት ወሰድኩት፤ ከማርቆስ ከተማ ሌላኛው ጫፍ። ግማሽ ሰዓት ጥርት አለ። ተቃቅፈን ዘለልን። ከዚያ ወፍራሙን ክር ስመታው፣ እምምምም። ለካ ሳጥኑ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚነሳበት። ይህችን አወቅኩ፤ እሷም ድል ናት።

ግን እዚያም ቅቤ ሸተተኝ። «ምን እያነጠርክ ነው?» አልኩት።

«እኔ? ድስት እንኳ የለኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ወንደላጤ ነው፣ ምግቡ ሆቴል ነው።

ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?

ዓርብ

ከፈትኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!

ቅቤ። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ወርዶ፣ ሻግቶ፣ ጸጉር በጸጉር ሆኖ። የአይጥ በጠጥ። በረሮ። ከግጥም ደብተሬ ቅዳጅ የተሠራ የአይጥ ጎጆ፤ ውስጡ ሁለት የደረቁ ልጆች። የክራሩን ድምፅ የሚያስገባው ሽቦ ላስቲኩ ተግጦ አልቋል፤ ጉርምርምታ እንዳይገባ ዙሪያውን የሸፈነው የሽቦ መረብ በአንዲት ቀጭን ዘለላ ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ ሲነቃነቅ ይለቃል፣ በቡጢ ሲሉት ይገጥማል። ጉርምርምታው ይኸው ነው። እዚያ ውስጥ ንጹሕ ነገር ቢኖር የጋሽ ሰይድ ካፓሲተር ብቻ ነው። ልክ እንደበየዱት አለ።

ባለቤቴን የሺን ጮኼ ጠራኋት። «ማነው ቅቤ እዚህ ላይ ያስቀመጠ?»

«አንተ ነሃ! ሁዳዴ ሲገባ ከዓይኔ ይራቅልኝ ብለህ የቅቤውን ቅል ተሸክመህ ጓዳ ያስገባኸው ማን ሆነና?»

ቅሉን አመጣችው። ገለበጥኩት። ቂጡን አይጥ በስቶታል። ከላይ ከላይ ስትጨልፍ አላየችውም። ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

«የቀረውስ የት ሄደ?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«የፋሲካውን ዶሮ በምን የሠራሁት መሰለህ?»

ደጅ ወጥቼ አስታወክኩ። ትንሽ ቆይታ እሷም ተከተለችኝ።

ቅዳሜ

ገበያ ነው፤ የጋሽ ሰይድ ደጅ ሞልቷል። ልመለስ ብዬ ነበር። ግን ሰው ፊት ተሳድቦ በጓሮ ይቅርታ የለም። ድሮ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅር በሉኝ የሚል፤ እኔ አምፕሊፋየሩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። «አጥፍቻለሁ ጋሽ ሰይድ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ከልቤ ነው ያፈርኩት።

«ረቡዕ ልብስህ የሻገተ ቅቤ ሲሸተኝ ጊዜ ነው ከፍተሃል ወይ ያልኩህ» አሉ። «በል አውርደው፣ ይቅር ብያለሁ። ግን አንተው ታጸዳዋለህ። እኔ የአይጥ ሽንት አልነካም።»

ገበያተኛው እያየኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈተግኩት። ከዚያ ሽቦውን ቀየሩት። ሰካሁ። ወፍራሙን ክር መታሁ። ዝም!

እሑድ

ሉማሜ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሰው ጨፈረ፣ አምፕሊፋየሩ አላጉረመረመም። እህቴ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ግን ሲሞቅ ያ ሽታ አለ። ብሩሹ ያልደረሰበት ቦታ ይኖራል። አንዷ አሳላፊ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ «ወጡ ደረሰ መሰለኝ» አለች።

ወጡ መጣ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ስመኘው የከረምኩትን ወጥ አንዴ ጎርሼ መዋጥ አቃተኝ። ወደ አለሙ ገፋሁለት። ጣቱን እየላሰ በላ።

«ጥሩ ነው» አለ፣ «ግን እናንተ ቤት ለፋሲካ የበላሁትን አያክልም።»

እስካሁን አልነገርኩትም።